ደንበኞቹ ሄዱ፣ ገበያው ቀረ
የኒውዮርክ ዩክሬናውያን ሠፈር፤ የመሬት ዋጋ፣ የቁጠባ ማኅበርና የሾርባ ንግድ ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኒውዮርክ ከተማ ማንሃተን በሚባለው ክፍል፣ ሁለተኛው ጎዳና ከዘጠነኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ "ቬሰልካ" የሚባል ምግብ ቤት አለ። ቃሉ በዩክሬንኛ ቀስተ ደመና ማለት ነው። በ1954 በሩን ሲከፍት ጋዜጣና ከረሜላ የሚሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ነበር። የከፈቱት ሚስተር ቮሎዲሚር ዳርሞህቫል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ዩክሬናዊ ናቸው። ደንበኞቻቸውም በአብዛኛው እንደሳቸው ስደተኞች የነበሩ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ከረሜላ ቤቱ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ምግብ ቤት ሆኗል። ከቀይ ሥር የሚሠራው ቦርሽት የተባለ ሾርባና በድንች ወይም በጎመን የተሞላው ቫሬኒኪ የተባለ ቅቅል ሊጥ እንደ ድሮው ይቀርባሉ። ተሰልፎ የሚጠብቀው ተመጋቢ ግን አብዛኛው ዩክሬናዊ አይደለም። ተማሪ ነው፣ አርቲስት ነው፣ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ አገር ጎብኚ ነው።

ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ በሰባተኛው መንገድ ላይ ደግሞ "ሱርማ" የሚባል ሱቅ ነበር። በ1918 ተቋቁሞ 98 ዓመት ከነገደ በኋላ በ2016 ተዘጋ። መጽሐፍ፣ ጥልፍ ሸሚዝ፣ ማር፣ የዘፈን ሸክላና በቀለም የተጌጠ የፋሲካ እንቁላል ይሸጥበት ነበር።

ሁለቱም የአንድ ሠፈር ልጆች ናቸው። ሁለቱም ለገበያ ያቀረቡት የአንድን አገር ቅርስ ነው። አንደኛው ከረመ፤ ሌላኛው ዘጋ። ይህ ለምን ሆነ? ጥያቄው ሱቅ ለከፈተ፣ ቤት ለሚያከራይና ቦታ ለሚያሻሽጥ ሁሉ የሚጠቅም ሒሳብ ስላለበት እስቲ ከመነሻው እንየው።

በርካሽ ኪራይ የተቆረቆረ ሠፈር

ዩክሬናውያን ወደ አሜሪካ በብዛት መጉረፍ የጀመሩት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ በኦስትሮ-ሀንጋሪ መንግሥት ሥር ከነበረው ከጋሊሲያ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ፔንሲልቫንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ወረዱ። ኒውዮርክ የቀሩት ደግሞ ኪራይ ርካሽ የሆነበትን የማንሃተንን ታችኛውን ምሥራቅ ክፍል መረጡ። ሠፈሩ ቀደም ሲል "ትንሿ ጀርመን" እየተባለ የሚጠራ የጀርመን ስደተኞች መኖሪያ ነበር። ጀርመኖቹ ኑሯቸው ሲሻሻል ለቀው ሲሄዱ ምሥራቅ አውሮፓውያኑ ተተኩ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር በ1905 ተመሠረተ። በ1911 ምእመናኑ በሰባተኛው መንገድ ላይ የነበረ የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ገዙና ገቡበት። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ማዕከል አገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ትምህርት ቤት ባለበት ወላጅ ቤት ይከራያል፤ ወላጅ በተከራየበት ሥጋ ቤትና ዳቦ ቤት ይከተላል።

አሜሪካ በ1924 ባወጣችው የኮታ ሕግ የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኛ በር ተዘጋ። በሩ ዳግመኛ የተከፈተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በጦርነቱ ለተፈናቀሉ ሰዎች በ1948 በወጣው ሕግ ነው። በዚህ ጊዜ 80 ሺህ ገደማ ዩክሬናውያን ወደ አሜሪካ ገቡ። እነዚህኞቹ ከቀድሞዎቹ የተለዩ ነበሩ። ከመካከላቸው መምህራን፣ ጠበቆች፣ መሐንዲሶችና ካህናት ይገኙባቸዋል። አገራቸው በሶቪየት ኅብረት እጅ ስለነበረ ተመልሰው መግባት አይችሉም። ኒውዮርክ ሲደርሱ ዲፕሎማቸው አላበላቸውም። ወንዶቹ በፋብሪካና በጥበቃ ሥራ፣ ሴቶቹ ማታ ማታ ቢሮ በማጽዳት ጀመሩ። በዚያ ዘመን በሠፈሩና በአካባቢው የነበሩት ዩክሬናውያን እስከ 60 ሺህ ይደርሱ እንደነበር ይነገራል።

ባንክ ያላበደረውን ማን አበደረው?

ቢሮ የምታጸዳ ስደተኛ ባንክ ገብታ ቤት መግዣ ብትጠይቅ ምን ትባላለች? የብድር ታሪክ የላትም። የሚያውቃት የለም። መያዣ የምታደርገው ንብረት የለም። ባንኩ በራሱ ሚዛን ሲያያት እሷ ከሒሳብ ውጭ ናት።

ዩክሬናውያኑ ግን ለዚህ ችግር መፍትሔውን ከአገራቸው ይዘው መጥተዋል። ከጦርነቱ በፊት በጋሊሲያ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንቅስቃሴ በጣም የተስፋፋ ነበር። "ማስሎሶዩዝ" የተባለው የወተት አምራቾች ኅብረት ከየመንደሩ ገበሬ ወተት እየሰበሰበ ቅቤውን ከፍ ባለ ደረጃ አምርቶ ለገበያ ያቀርብ ነበር። ገበሬው በነጠላ ሲቀርብ ዋጋ የሚቆርጥበትን ነጋዴ፣ ተደራጅቶ ሲቀርብ ይደራደረዋል። የእኛ ሰው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን እነሱ በወተት ጋን ፈትነውታል።

ይህንን ልምድ በ1951 በሁለተኛው ጎዳና ላይ ደገሙት። "ሰልፍ ሪላያንስ" የተባለ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጉሙ ራስን መቻል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በቺካጎም ተመሳሳይ ማኅበር በተመሳሳይ ስም ተመሠረተ። አሠራሩ እቁብን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። መሠረቱ መተዋወቅ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ በዙር አለመውጣቱ ነው። አባል ያስቀምጣል፣ ወለድ ያገኛል፣ ሌላው አባል ተበድሮ ቤት ይገዛል ወይም ሱቅ ያድሳል። በስብሰባ ላይ አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ መቶ ዶላር ያስቀመጠውም መቶ ሺህ ያስቀመጠውም እኩል ናቸው። ትርፉ ለውጭ ባለ አክሲዮን አይሄድም። ቁጠባው በፌዴራል መንግሥት መድን የተሸፈነ በመሆኑ ጡረተኛዋ እናት ያለ ሥጋት ታስቀምጣለች።

ነገሩን ለየት የሚያደርገው የብድሩ ውሳኔ ነው። አበዳሪውና ተበዳሪው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ባንክ በወረቀት የማያገኘውን መረጃ እነሱ በሠፈር ያገኙታል። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው እሁድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከአበዳሪዎቹ ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል። ይህ ከማንኛውም መያዣ ያላነሰ ዋስትና ነው።

በኋላ አባላቱ ወደ ከተማው ዳርና ወደ ሎንግ አይላንድ ሲሄዱ ማኅበሩ ቅርንጫፍ እየከፈተ ተከተላቸው። ዋናውን መሥሪያ ቤቱን ግን ከሁለተኛው ጎዳና አልነቀለም።

ደላላ ያወጣው ስም

እዚህ ላይ ለደላሎች የሚጣፍጥ ወሬ አለ። ሠፈሩ ዛሬ "ኢስት ቪሌጅ" ይባላል። የዱሮ ነዋሪዎቹ ግን በዚህ ስም አያውቁትም፤ ለእነሱ "ሎወር ኢስት ሳይድ" ነበር። አዲሱ ስም የተለመደው በ1960ዎቹ ነው። በስተምዕራብ ያለው ግሪንዊች ቪሌጅ የአርቲስቶች መናኸሪያ ሆኖ ኪራዩ ሲወደድ፣ አርቲስቱና ተማሪው ወደ ምሥራቅ ተሻገረ። ቤት አከራዮችና ደላሎችም ዝናው ሠፈሩን እንዲነካው ብለው "ምሥራቃዊ ቪሌጅ" እያሉ ማስታወቂያ ያወጡ ጀመር። ቤቱ ያው ቤት፣ ደረጃውም ያው ጠባብ ደረጃ ሆኖ ሳለ በስሙ ብቻ የኪራዩ ዋጋ ሌላ ሆነ።

ዋጋው ግን ቀጥ ብሎ አልወጣም። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ኪሣራ ላይ ልትወድቅ ደርሳ ነበር፤ በ1975 ከተማዋ ዕዳዋን መክፈል እስኪያቅታት ተቃርባለች። በሠፈሩ ምሥራቃዊ ጎዳናዎች አከራዮች ሕንጻቸውን እየጣሉ ሄዱ። የእሳት ቃጠሎ በዛ። ሌብነትና አደንዛዥ ዕፅ ተስፋፋ። አቅም ያለው ዩክሬናዊ ቤተሰብ ቤቱን ሸጦ ወደ ኒውጀርሲና ወደ ሎንግ አይላንድ ገባ።

በዚያ ክፉ ጊዜ ነው እንግዲህ ማኅበረሰቡ ለገበያ ሰው የሚያስገርም ነገር የሠራው። ሌላው ሲሸሽ እነሱ ግንበኛ ጠሩ። በ1976 የዩክሬናውያን የሴቶች ማኅበር በሁለተኛው ጎዳና ላይ የዩክሬን ሙዚየም አቋቋመ። በ1977 አሮጌው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንጻ በአዲስና ባለ ጉልላት ካቴድራል መሰል ቤተ ክርስቲያን ተተካ። በ1978 ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለችው አጭር መንገድ በብሔራዊ ገጣሚያቸው በታራስ ሼቭቼንኮ ስም ተጠራች። በየዓመቱ በግንቦት ወር በሰባተኛው መንገድ ላይ የሚደረገው የጎዳና በዓልም የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ይህንን ያደረጉት ዋጋው ይወጣል ብለው ተንብየው አልነበረም። መቅደሳቸውንና የአያቶቻቸውን ጥልፍ የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለፈለጉ ነው። በሒሳብ መዝገብ ሲታይ ግን ሠፈሩ በረከሰበት ወቅት ገንዘባቸውን ድንጋይ ላይ አሳረፉ። ከ1980ዎቹ በኋላ የመሬቱ ዋጋ ሲተኮስ፣ ኪራይ ጨምሩ ወይም ልቀቁ የሚላቸው አልነበረም።

ፎቅ ያለው ቀረ፣ ሱቅ ያለው ተነሣ

የኒውዮርክ የኪራይ ሕግ አንድ እንግዳ ውጤት አለው። ከተማው በብዙ የመኖሪያ ቤቶች ላይ የኪራይ ጭማሪን ይቆጣጠራል። የንግድ ቤት ኪራይ ላይ ግን ቁጥጥር የለም። ስለዚህ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ አሮጊቶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ በያዙት ክፍል ውስጥ መቆየት ሲችሉ፣ ከሥራቸው ያለው ሱቅ ውሉ ባለቀ ቁጥር አዲስ ዋጋ ይመጣበታል። ዳቦ ቤቱ ቡና ቤት፣ ቡና ቤቱ መጠጥ ቤት ይሆናል። በአቬኒው ኤ ላይ ለረጅም ዓመታት የቆየው "ኦዴሳ" ምግብ ቤት በ2020 ተዘግቶ፣ በቦታው የአትክልት በርገር የሚሸጥ ሌላ ቤት ገብቷል።

የሱርማ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። የሱርማ ባለቤቶች ሕንጻው የራሳቸው ነበር። መሥራቹ ሚስተር ሚሮን ሱርማች ከዩክሬን የመጡ ስደተኛ፣ መጽሐፍ ሻጭና ንብ አርቢ ነበሩ። ሱቁ በልጅና በልጅ ልጅ እጅ አለፈ። በ1960ዎቹ ሂፒዎች የገጠር ጥልፍ ሸሚዝ መልበስ ሲጀምሩ ገበያው ደርቶለት ነበር። ታዲያ የኪራይ ዕዳ የሌለበት ቤት ለምን ተዘጋ?

መልሱ ከግብርና ከደንበኛ ላይ ነው። በኒውዮርክ የቤተ ክርስቲያን፣ የትምህርት ቤትና የሙዚየም ሕንጻ ለተቋቋመበት ዓላማ እስካገለገለ ድረስ ከንብረት ግብር ነፃ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ሕንጻ ግን የመሬቱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ግብሩ አብሮ ይጨምራል። መሬቱ በሚሊዮን ሲገመት እንቁላል የሚቀባበት ሰምና ቀለም በጥቂት ዶላር ይሸጣል። በሌላ በኩል መጽሐፍና ሙዚቃ ፈላጊው ወደ ኢንተርኔት ዞረ፤ ጥልፍ ሸሚዝም ዩክሬን ነፃ ከወጣች ከ1991 ወዲህ ከአገር ቤት በቀጥታ ማዘዝ ይቻላል። ሕንጻው ሱቁ ለብዙ ዓመታት ከሚያተርፈው በላይ ዋጋ ሲያወጣ፣ ወራሽ የሆነ ሰው ምን ያድርግ? ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ቬሰልካ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ሚስተር ዳርሞህቫል ከሞቱ በኋላ ቤቱን የተረከቡት አማቻቸው ሚስተር ቶም በርቻርድ ናቸው። እሳቸው በትውልድ ዩክሬናዊ አልነበሩም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲረከቡ ሠፈሩ በጭንቅ ላይ ነበር። የዩክሬናዊው ደንበኛ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱ በግልጽ ይታያል። ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ ምግቡን ለውጠው አዲሱን ደንበኛ መከተል፣ ወይም ምግቡን ይዘው ከአሮጌው ደንበኛ ጋር ማርጀት።

እሳቸው መካከለኛውን መንገድ ያዙ። ቦርሽቱንና ቫሬኒኪውን አልነኩም፤ ሊጡን በእጅ የሚጠቀልሉ ባለሙያ ሴቶችንም በወጥ ቤቱ አቆዩ። ከጎኑ ግን ሀምበርገር፣ እንቁላልና የቁርስ ምግብ ጨመሩ። ሌሊቱን ሙሉ ከፍተው ማደር ጀመሩ። ከቲያትር የወጣው፣ ከፈረቃ የተመለሰው፣ ከጭፈራ ቤት የመጣው ወጣት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩስ ሾርባ ያገኛል። ቤቱ የ24 ሰዓት አገልግሎቱን ያቆመው በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ነው። ዛሬ አመራሩ ወደ ሦስተኛው ትውልድ፣ ወደ ልጃቸው ወደ ሚስተር ጄሰን በርቻርድ አልፏል። በ2024ም በብሩክሊን ዊልያምስበርግ ቅርንጫፍ ተከፍቷል።

በአንጻሩ በሰባተኛው መንገድ ላይ "ስትሪቻ" የምትባል ምድር ቤት ውስጥ ያለች አነስተኛ ምግብ ቤት አለች። ማስታወቂያዋ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ቫሬኒኪውን የሚጠቀልሉት የደብሩ ሰዎች ሲሆኑ ገቢው ለቤተ ክርስቲያን ነው። እሷም በራሷ መንገድ ትኖራለች፤ የሚያሳድዳት የኪራይ ዕዳ የለባትም።

ጥር 7 ቀን የሚደራ ገበያ

የዚህን ሠፈር ገበያ ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሚያደርገው የበዓል አቆጣጠራቸው ነው። ዩክሬናውያን ለረጅም ዘመን የጁሊያንን የቀን አቆጣጠር ተከትለው ልደትን ያከበሩት ጥር 7 ቀን፣ ማለትም እኛ ገናን በምናከብርበት ዕለት ነው። ፋሲካቸውም ከእኛ ፋሲካ ጋር አንድ ቀን ይውላል። በመሆኑም በአሜሪካ ገበያ የገና ሸቀጥ በግማሽ ዋጋ በሚራገፍበት በጥር መጀመሪያ ሳምንት፣ በሁለተኛው ጎዳና ገበያ ገና ይሞቅ ነበር። ነጋዴው ዓመቱን ሁለት የበዓል ወቅት አደረገው።

በ1970 የተከፈተው "ኢስት ቪሌጅ ሚት ማርኬት" የተባለው ሥጋ ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ኪልባሳ የሚባለውን ቋሊማና ጢስ የጠገበውን የአሳማ ሥጋ ለመግዛት በፋሲካ ዋዜማ ወረፋው እስከ ደጅ ይወጣል። ለቀው የሄዱት ቤተሰቦች ከኒውጀርሲ መኪና አስነሥተው የሚመጡት ያን ዕለት ነው። በቅርጫት የሚያስባርኩት ሥጋ፣ ዳቦና እንቁላል ከዚያ ሠፈር ካልተገዛ በዓል አይመስላቸውም። የእንቁላሉ ሥራ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ፒሳንካ ይሉታል። በቀጭን ብረት የቀለጠ ሰም እየተነካ ቅርፊቱ ላይ ይጻፍበታል፤ ከዚያ ቀለም ይነከራል፣ እንደገና ሰም ይጻፍበታል፣ እንደገና ይነከራል። በመጨረሻ ሰሙ ሲቀልጥ ቀለሙ በየድርቡ ብቅ ይላል።

ዩክሬን ውስጥ ያሉት ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት በ2023 የልደትን በዓል ወደ ታኅሣሥ 25 አዛውረዋል። ፋሲካ ግን በድሮው ቀመር ቀርቷል። የቀን ጉዳይ ቀላል እንዳልሆነ የቺካጎ ዩክሬናውያን ቀደም ብለው አይተውታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል አዲሱን አቆጣጠር ልቀበል ሲል ምእመናኑ ተከፈሉ። አሮጌውን አንለቅም ያሉት ከዚያው አጠገብ የቅዱሳን ቮሎዲሚርና ኦልሃ ቤተ ክርስቲያንን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገነቡ። ጠቡ መራራ ነበር። ይሁንና ከቁጭቱ ሁለተኛ ትልቅ ሕንጻ ተረፈ።

የቺካጎ መንገድ

ቺካጎ ላይ ጥቂት እንቆይ። የዚያ ከተማ ዩክሬናውያን ሠፈር በ1983 በከንቲባ ጄን በርን አማካይነት "ዩክሬን መንደር" የሚል ይፋ ስም ተሰጠው። በ2002 ደግሞ የሠፈሩ ከፊል የቅርስ ጥበቃ ክልል ተብሎ ታወጀ። በዚህ ክልል ውስጥ ያለ ባለቤት ፊት ለፊቱን አፍርሶ የፈለገውን ፎቅ ሊያቆም አይችልም። ኒውዮርክም በ2012 በኢስት ቪሌጅ ተመሳሳይ ክልል አውጃለች።

የቅርስ ክልል ሕንጻን ያድናል፤ ነዋሪን ግን አያድንም። እንዲያውም ያማሩ አሮጌ ቤቶች ያሉበትና አዲስ ፎቅ የማይጋርድበት ሠፈር ገዢው ይበዛበታል። "ዩክሬን መንደር" የሚለው ስም ዛሬ በቺካጎ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ዋጋ ያለው ስም ሆኗል። ስሙን ያወረሱት ሰዎች ልጆች ግን ብዙዎቹ በከተማ ዳር ነው የሚኖሩት።

ከቺካጎ አንድ ሌላ ትምህርት አለ። በ1964 በዚያው ማኅበረሰብ የተቋቋመ "ፈርስት ሴኪዩሪቲ ፌዴራል" የተባለ የቁጠባ ባንክ በ1997 ወደ አክሲዮን ኩባንያ ተለወጠ። ሲለወጥ ከአክሲዮኑ የተወሰነውን ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት መደበ። በ2004 ባንኩን ሌላ ትልቅ ባንክ ገዛው። ባንኩ እንደ ባንክ ስሙ ጠፋ፤ ድርጅቱ ግን ገንዘቡን ይዞ ቀረና የማኅበረሰቡን ተቋማት መርዳቱን ቀጠለ። ሲሸጡም ምን አስቀርተው እንደሚሸጡ ያወቁ ሰዎች ሥራ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ

የካቲት 24 ቀን 2022 ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስትከፍት፣ ይህ ሁሉ ሕንጻና ተቋም ለምን እንደቆመ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታየ። የኒውዮርክ ሰው ሐዘኑንና ድጋፉን የሚገልጽበት አድራሻ ሲፈልግ ያገኘው ሁለተኛውን ጎዳና ነው። በቬሰልካ ደጃፍ ሰልፉ ማዕዘኑን ዞረ። ምግብ ቤቱ ከቦርሽት ሽያጭ የሚያገኘውን ገቢ "ራዞም" ለተባለው የዩክሬናውያን የእርዳታ ድርጅት መስጠት ጀመረ። ራዞም አንድ ላይ ማለት ነው። በወጥ ቤቱ ሊጥ ከሚጠቀልሉት መካከል ቤተሰቦቻቸው በቦምብ ሥር ያሉ ነበሩ። የቤቱ ታሪክ በ2024 ለሕዝብ በቀረበ ዘጋቢ ፊልም ተነግሯል።

የአሜሪካ መንግሥት በሚያዝያ 2022 ባወጣው ልዩ ፕሮግራም ከ200 ሺህ በላይ ዩክሬናውያን ገቡ። ፕሮግራሙ በጥር 2025 አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አቁሟል። አዲስ መጤዎቹ ኢስት ቪሌጅ ሊኖሩ አይችሉም፤ ኪራዩ አይቀመስም። ኒውዮርክ የቀሩት በብዛት የሚከራዩት ብሩክሊን ነው። ጸሎት፣ ቋንቋ፣ የአገር ቤት ወሬና ዝምድና ፍለጋ ግን ወደ አሮጌው ሠፈር ይመጣሉ። ሠፈሩ ከመኖሪያነት ወደ ማዕከልነት ተለውጧል።

ሒሳቡ ሲጠቃለል

እንግዲህ መነሻ ጥያቄያችንን እንመልከት። በዚያ ሠፈር የከረመው ምንድን ነው? የመጀመሪያው በጋራ የተያዘው ንብረት ነው፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቁጠባ ማኅበሩ፣ ብሔራዊ አዳራሹ፣ ሙዚየሙ። ለእነዚህ ወራሽ የለም፣ ስለዚህ ሻጭም የለም። ሁለተኛው ደንበኛ ሲለወጥበት ዕቃውን ሳይለውጥ ለአዲሱ ደንበኛ መሸጥ የቻለው ነጋዴ ነው። ሳይከርም የቀረው ደግሞ በመካከል ያለው ነው፤ የቤተሰብ ሱቅ፣ ከግብር ነፃ ያልሆነ፣ የድሮ ደንበኛውን ብቻ የሚጠብቅ።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ሰዎችም ሩቅ አይደለም። ሎስ አንጀለስ በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን የምግብ ቤቶቻችንን መደዳ "ሊትል ኢትዮጵያ" ብላ ሰይማለች። በዋሽንግተን ዲሲ የኛ ሰዎች ንግድ በመጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን ደራ፤ ኪራይ ሲጨምር ወደ ዩ ስትሪት ወረደ፤ እዚያም ሲወደድ ብዙው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገረ። ሠፈሩን ያሞቁት ነጋዴዎች ሙቀቱ ራሱ አስለቀቃቸው። በውጭ ያለ ዘመድ ሱቅ ልከፍት ነው፣ ገንዘብ አዋጣ ብሎ የሚጽፍለት አንባቢ ካለ፣ ስለ ምግቡ ዝርዝር ከመጠየቁ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ሕንጻው የማን ነው? የኪራይ ውሉስ ስንት ዓመት ይቀረዋል?

የሁለተኛው ጎዳና ሰዎች ይህንን ጥያቄ በ1951 ጠይቀውታል። መልሱን ያገኙት ቢሮ ከሚያጸዱ ሴቶች ደመወዝ ላይ በየሳምንቱ እየተቆጠበ በተጠራቀመ ገንዘብ ነው።